ቆላ ለመውረድ ንፋስ አይቀነስም፦ ስለ ዲጂታል የጎማ መለኪያ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ የገባ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደርሶኛል። ጽሑፉ ስለ ዲጂታል የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው። ጸሐፊው ዕቃውን ገዝተው ሞክረውታል፤ አልወደዱትም። ሌላውም ሰው ብሩን እንዳያባክን ይመክራሉ። ብዙ ዓመት መሪ የጨበጡ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ቋንቋቸው ጥሩ ነው፤ ምሳሌያቸውም ከመንገድ የተለቀመ ነው። ሰው የተቀበላቸውም በዚህ ይመስለኛል። ችግሩ፣ ከምክራቸው አንዱ ሰው ሊጎዳ የሚችል ነው። ዝም ብሎ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ልምድ ያለው ሾፌር ጎማውን በዓይኑ አይቶ፣ በእግሩ መትቶ ልኩን ያውቃል። እሱ ባይችል እንኳ ጎሚስታው ጋ መለኪያ አለ። ዲጂታሉ ራሱ አይታመንም፤ ሁለት መለኪያ አንድ ጎማ ላይ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ከንቱ ነው። ደሴ ላይ የለካኸው ኮምቦልቻ ስትደርስ ስለሚለወጥ ዕቃው ዳገትና ቁልቁለት ለበዛበት አገር አልተሠራም። ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርድ ሰው ከደሴ ሲነሳ ንፋስ መቀነስ አለበት፤ መለኪያ የያዘ ሰው ግን ቁጥሩ ጎደለ ብሎ ስለሚፈራ አይቀንስም፣ ጎማውም በረሃ ላይ ይፈነዳበታል። በመጨረሻም፣ አዲስ መኪና የያዘ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ የሚያስጠነቅቅ መብራት ስላለው መለኪያ አያስፈልገውም።

እኔም እንዲሁ ዓይነት መለኪያ መኪናዬ ውስጥ ከተቀመጠ ቆይቷል። ሥራዬ ደሴና ኮምቦልቻ ያመላልሰኛል፤ አልፎ አልፎም ወደ ባቲ እወርዳለሁ። ስለዚህ በየተራ እንነጋገርበት።

ከዓይንና ከእግር ልጀምር። ጸሐፊው አንድ እውነት ይዘዋል። የከባድ መኪና ሾፌሮች የኋላ ጥንድ ጎማዎችን በብረት ወይም በዱላ ሲመቱ ዝም ብለው አይደለም። ከውስጥ ያለው ጎማ ከላይ አይታይም። ሙሉ በሙሉ ንፋስ የጨረሰ ከሆነ ድምፁ ይለያል፤ ዱላውም እንደ ሞላው ጎማ አይነጥርም። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። ግን ዱላው የሚነግርህ ጎማው መተንፈሱን ነው። ሩብ ያህል መጉደሉን አይነግርህም። ጥንድ ጎማ ላይ ደግሞ አደጋ ያለው እዚያ ሩብ ላይ ነው። አንዱ ሲላላ ጭነቱን ጎረቤቱ ይሸከማል። ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመው ይታያሉ፤ አንደኛው ግን ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ነው የሚሄደው።

የትንሽ መኪና ጎማ ላይ ዓይን የባሰ ይሳሳታል። ዛሬ የምንነዳባቸው አብዛኞቹ ጎማዎች ራዲያል ናቸው። ጎናቸው ለስላሳ ስለሆነ በትክክል ተነፍተው እንኳ መሬት የሚነኩበት ቦታ ላይ ትንሽ ሆዳቸውን ይነፋሉ። 32 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) ያለው ጎማና 25 ያለው ጎማ አጠገብ ላጠገብ ቆመው ልዩነታቸውን ማየት ይከብዳል። ያረጀው ዓይነት ጎማ ሲጎድል ቶሎ ያሳብቅ ነበር፤ የድሮ ሾፌሮች በዓይናቸው መታመናቸውም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ሚኒባስ የሚሠራ ወዳጄ መኪናው ወደ ቀኝ ይስበኛል ብሎ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከያ፣ ሊያሠራ ተዘጋጅቶ ነበር። አራቱንም ጎማ እየዞረ በእግሩ መታቸው። «ሁሉም አንድ ናቸው፣ ችግሩ የፊት እግሩ ነው» አለ። ዕድሜ ልኩን መኪና ላይ የኖረ ሰው ነው። መለኪያውን አወጣሁና ለካን። የፊት ቀኙ ከፊት ግራው በ9 ፒኤስአይ ያነሰ ነበር። ጎንበስ ብለን ስናየው ከጥርሱ መሃል የተቀበረች ሚስማር አገኘን፤ ጭንቅላቷ ከመንገድ ጋር ተፋትጎ እንደ ሳንቲም ያበራል። ምራቅ ስንቀባት ትንሽ ትንሽ አረፋ ትተፋ ጀመር። የእግሩ ምት ይህን ሁሉ አላወቀም። ወዳጄ ጎበዝ ሾፌር ስላልሆነ አይደለም። የማንም እግር 9 ፒኤስአይ አይለይም።

ሁለተኛው ነጥብ ጎሚስታው ነው። ጎሚስታዎቻችንን ለመውቀስ አልፈልግም። ፀሐይ ላይ ቆመው፣ እጃቸው ጎማ እየሸተተ፣ ከቸርኬ ጋር ሲታገሉ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ኮምፕረሰሩ ቱቦ ላይ የተገጠመውን መለኪያ አንድ ቀን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መስታወቱ ተሰንጥቋል። ቱቦው በቀን ስንቴ ድንጋይ ላይ እንደሚጣል፣ ስንት መኪና እንደሚሄድበት ማንም አይቆጥረውም። አንዳንዱ ምንም ጎማ ላይ ሳይሰካ መርፌው 5 ላይ ወይም ከዚያ በላይ ያርፋል። ባዶውን 5 የሚል መለኪያ ጎማ ላይ ምን እንደሚል ማን ያውቃል?

እሱን እንኳ ተስማምተን እንለፈው፤ ጎሚስታው አዲስና ጥሩ መለኪያ አለው እንበል። ያኔም ዋናው ችግር አልተፈታም። የጎማ ንፋስ የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው። አምራቾች የሚጽፉት ቁጥር በሙሉ ለቀዘቀዘ ጎማ ነው። ቀዝቃዛ የሚባለው መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ ከሆነ፣ ወይም ከቆመበት ተነስቶ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያልበለጠ ሄዶ ከሆነ ነው። ጎሚስታው ጋ የምትደርሰው ግን ነድተህ ነው። ከደሴ ፒያሳ ተነስተህ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ላይ ስታስለካ ጎማው ከመንገዱም፣ ከፍሬኑም ሙቀት ጠጥቷል። 4 ፒኤስአይ ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ ሊያነብ ይችላል። ጎሚስታው «ጋሼ በዝቷል፣ ላስተንፍሰው?» ይላል። አንተም «አስተንፍሰው» ትላለህ። ማታ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይወርዳል። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ጎማ ይዘህ ጭነህ ትወጣለህ። ማንም አላጠፋም፤ የተለካበት ሰዓት ግን የተሳሳተ ነበር።

ስለዚህ የራስ መለኪያ ጥቅሙ ጠዋት በግቢህ ውስጥ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ የቫልቩን ክዳን ፈተህ መለካት መቻልህ ነው። ደሴ ጠዋት ብርድ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ አሥር እርምጃ አያሳይም። መብራት ያለው የዲጂታሉ መስኮት እዚያ ላይ ይጠቅማል። እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ብቻ ነው። ቫልቩ ላይ ቀጥ አድርገህ ትጫነዋለህ። ትሽ ካለ በደንብ አልገጠመም፤ ቁጥሩን አትመን፤ እንደገና ግጠመው። ድምፁ ሲቆምና ቁጥሩ ሲረጋ አንብብ። አራቱንም ጨርሰህ ስኮርታውን አትርሳ። ስኮርታ ተንፍሶ የሚገኘው ሁልጊዜ በሚያስፈልግበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። ጎሚስታው «ስንት ላድርገው?» ሲል አብዛኛው ሰው «እንደ ሁልጊዜው» ይላል፤ ወይም ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያነባል። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ጎማው ከዚያ በላይ መያዝ የለበትም ማለት ነው። ለመኪናህ የሚሆነው ልክ የሾፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ ከተለጠፈችው ወረቀት ላይ ነው ያለው። ብዙ ጊዜ የፊቱና የኋላው፣ ባዶውና ጭነት ያለው ይለያያል። ከጃፓን የመጣ መኪና ከሆነ ወረቀቷ ላይ 220 ወይም 230 የሚል ልታገኝ ትችላለህ። ይህ በኪሎ ፓስካል ነው። 220 ኪሎ ፓስካል 2.2 ባር ነው፤ 32 ፒኤስአይ ገደማ ይሆናል። ዲጂታሉ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚቀይር በዚህ አያደክምም።

ሦስተኛው ክስ ቁጥሩ አይታመንም የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው በከፊል ልክ ናቸው፤ ልክነታቸውንም ልቀበል። 32.4 የሚል ቁጥር ስላየህ መለኪያው እስከ ነጥብ አራት ድረስ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ነጥቡ ማሳያ ነው። ርካሽ መለኪያ ከእውነተኛው አንድ ፒኤስአይ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል አይገርመኝም። ሁለት መለኪያ 31.5 እና 32.5 ካሉ፣ የጸሐፊው «ሁለት ቁጥር» ይህ ነው። ባትሪውም እውነት ነው፤ ያልቃል፤ በብርድ ደግሞ ይደክማል። አንዳንዱ የሚወስደው ባትሪ ከተማችን ውስጥ በቀላሉ የማይገኝ ዓይነት ስለሆነ፣ ሲገዙ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ይሻላል።

ግን ከዚህ ተነስተው ወደ ዓይንና ወደ እግር እንመለስ ማለታቸው አይያያዝልኝም። መለኪያው በአንድ ይሳሳታል፤ ዓይን በሰባትና በስምንት ይሳሳታል። በአንድ የሚሳሳተውን ጥሎ በስምንት የሚሳሳተውን መያዝ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ደግሞም ለሾፌር ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መለኪያው ራሱን አለመለወጡ ነው። ሁልጊዜ በግማሽ ፒኤስአይ ከፍ አድርጎ የሚያነብ ከሆነ ታውቀዋለህ፣ ትቀንስለታለህ። አንዱ ጎማ ከሦስቱ ተለይቶ ሲጎድል፣ ወይም ያው ጎማ በየሳምንቱ ሲወርድ፣ ግማሽ ፒኤስአይ ስህተት ያለው መለኪያም ያሳይሃል። ጤነኛ ጎማ በወር አንድ ፒኤስአይ ያህል በራሱ ጊዜ ያጣል። በሳምንት ሦስት ከጠፋበት ግን ሚስማር ወይም የቫልቭ ችግር አለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው።

ባትሪ የሚያሳስበው ሰው ባለመርፌውን ይግዛ። እኔ ዲጂታል ካልሆነ ብዬ አልሟገትም። ደህና ባለመርፌ መለኪያ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሳይወድቅ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሙግቴ ዲጂታል ወይስ ባለመርፌ የሚል አይደለም። መለካት ወይስ መገመት የሚል ነው።

አሁን ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ልዩነት እንምጣ። ጸሐፊው ያዩትን ነው የጻፉት፤ ቁጥሩ በእርግጥ ይለወጣል። ግን የተለወጠው ለምን እንደሆነ ቢያዩት ኖሮ መለኪያውን ባልከሰሱት ነበር።

የጎማ መለኪያ የሚያነበው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የውጭው አየር ግፊት ወደ 10.8 ፒኤስአይ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ወደ 11.7 ይደርሳል። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ስለምንወርድ የውጭው አየር በ0.9 ፒኤስአይ ይከብዳል ማለት ነው። ጎማው ውስጥ ያለው አየር ግን አልተነካም። ስለዚህ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን ኮምቦልቻ ላይ መለኪያው በ0.9 ዝቅ ብሎ ያነባል። በሌላ በኩል ኮምቦልቻ ከደሴ ትሞቃለች። ጎማ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አንድ ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። አንዱ ይቀንሳል፣ ሌላው ይጨምራል።

ይህን በራሴ መኪና አይቼዋለሁ። ደሴ ላይ ጠዋት በብርዱ 32 አድርጌ ሞላሁት። ወርጄ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ሳላስነሳው ስለካው 31.7 አለ። የጸሐፊው «ውሸታም» መለኪያ ያደረገው ይህን ነው፤ በሁለት ከተማ መካከል ያለውን ከፍታና ሙቀት አጣፍቶ ከእውነቱ ጋር የሚስማማ ቁጥር ሰጠኝ። የ0.3 ፒኤስአይ ልዩነት ምንም አይደለም፤ ለዚያ ብሎ ማንም ንፋስ መሙላት ወይም ማስተንፈስ የለበትም። ጸሐፊው ትልቅ ልዩነት አይተው ከሆነ ደሴ ላይ ቀዝቃዛውን፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከሐረጎ የወረደውን ትኩስ ጎማ ለክተው ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር። መለኪያውን ስታበራው፣ ጎማ ላይ ሳትሰካው 0 ማለት አለበት። አንዳንዱ ርካሽ ዕቃ ይህን ዜሮ አያስተካክልም፤ ደሴም ኮምቦልቻም ባዶውን አንድ የሚል ከሆነ ወይም ከቦታ ቦታ ባዶው ቁጥር ከተለያየ መልሰው። ከመግዛትህ በፊት እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ የምታጣራው ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ ወዳሳሰበኝ ነጥብ ደርሻለሁ፤ ወደ ቆላ ሲወረድ ንፋስ ይቀነስ የሚለው። ይህን ምክር ጸሐፊው አልፈጠሩትም። ከረዳት ወደ ሾፌር፣ ከሾፌር ወደ ረዳት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ምክንያቱም ለጆሮ ይጥማል። ሙቀት አየርን ይነፋል፤ የተነፋ ጎማ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ቀድመህ አስተንፍስ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ደሴ ላይ ጠዋት 12 ዲግሪ ነው እንበል። ጎማው 32 ያነባል። የውጭው 10.8 ሲደመርበት በጎማው ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 42.8 ይሆናል። አሁን በኮምቦልቻና በባቲ አድርገን ሚሌ ወረድን። ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ነው እንበል። ሙቀቱ ብቻ ጠቅላላውን ግፊት ወደ 46.7 ያደርሰዋል። ግን ሚሌ ላይ የውጭው አየር ከብዷል፤ ወደ 13.9 ደርሷል። 46.7 ሲቀነስ 13.9፣ መለኪያው 33 አካባቢ ያነባል። ይኸው ነው። ከደሴ ብርድ ወደ ሚሌ ሙቀት 2,000 ሜትር ወርደን፣ ቆሞ የቀዘቀዘው ጎማ የጨመረው አንድ ፒኤስአይ ገደማ ነው። ከፍታው የነሳውን ሙቀቱ መለሰው።

መኪናው ሲሄድ ደግሞ ከዚህ በላይ ጥቂት ይጨምራል፤ አራት፣ አምስት። ይህን የጎማው መሐንዲስ ያውቀዋል። በሩ ላይ የተለጠፈው የቀዝቃዛ ቁጥር ሲወሰን ጎማው እንደሚሞቅና እንደሚጨምር ታስቦ ነው። ጤነኛ ጎማ በዚህ አይፈነዳም።

ታዲያ በረሃ ላይ ጎማ የሚፈነዳው ለምንድን ነው? ይፈነዳል፤ ሁላችንም የተበጣጠሰ ጎማ መንገድ ዳር ወድቆ አይተናል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ንፋስ ማነስ። የላላ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ይህ መታጠፍ ሙቀት ይፈጥራል። ፍጥነት ሲጨመር በደቂቃ የሚታጠፍበት ቁጥር ይጨምራል። ጭነት ሲጨመር የመታጠፉ ጥልቀት ይጨምራል። አስፋልቱ ራሱ ትኩስ ሲሆን ሙቀቱ የሚወጣበት ቦታ ያጣል። በመጨረሻ ውስጡ ያለው ክርና ጎማው ይላቀቃሉ። እጅህ ላይ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ስታጥፍ ይሞቅና ይበጠሳል አይደል፤ የጎማው ጎንም እንዲያው ነው። እንግዲህ ከደሴ ሲነሳ ስድስት ፒኤስአይ ያስተነፈሰው ሾፌር ፍንዳታ የፈራበትን መንገድ ራሱ ለፍንዳታ አመቻችቶ ነው የሚገባበት። ጭኗል፣ ፈጥኗል፣ ሞቋል፤ የጎደለው መላላት ብቻ ነበር፤ እሱንም በእጁ ጨመረ።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ 6.5 ሚሊዮን ጎማ ሰብስቧል። ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር በተባለው መኪና ላይ የተገጠሙ ነበሩ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ጎማው ራሱ የአሠራር ችግር ነበረበት፤ ይህ አይካድም። ግን ጉዳቱ የበረታው እንደ ቴክሳስና አሪዞና ባሉ ሞቃት ቦታዎች ነበር። ለመኪናው ተመክሮ የነበረው ንፋስም 26 ፒኤስአይ ብቻ መሆኑ ትልቅ ክርክር አስነስቶ ነበር። ሙቀት፣ ጭነት፣ ፍጥነትና ዝቅተኛ ንፋስ ሲገናኙ ምን እንደሚመጣ ዓለም ያየው ያኔ ነው። የባቲና የሚሌ መንገድ አራቱንም ያገናኛል። የጂቡቲ ጭነት የሚመላለስበት መስመር ነው።

ጸሐፊው ምናልባት እንዲህ ይሉኝ ይሆናል፤ «እኔ ለዓመታት እየቀነስኩ ወርጄ ምንም አልሆንኩም።» አምናቸዋለሁ። ጎማ አንድ ቀን ላልቶ ስለተነዳ ያንኑ ቀን አይበጠስም። ውስጡ እየተጎዳ ይሄዳል፤ ከዚያ በሌላ ቀን፣ ምናልባትም ንፋሱ ልክ በሆነበት ቀን፣ ይለቃል። ያኔ ተጠያቂው ሙቀቱ ይሆናል። በጎማው ሁለት ዳር ጥርሱ አልቆ መሃሉ ቀርቶ ካዩ ግን ይህ ጎማ ላልቶ እንደኖረ ራሱ እየመሰከረ ነው። መሃሉ ብቻ ካለቀ ደግሞ ንፋስ በዝቶበት ኖሯል።

ንፋስ መቀነስ የሚፈቀድበት ቦታ የለም ወይ? አለ። አሸዋ ላይ የሰመጠ መኪና ጎማውን ላላ አድርጎ፣ በቀስታ ሊወጣ ይችላል። ከወጣ በኋላ ግን ወዲያው መልሶ መሙላት አለበት። ከደሴ እስከ ሚሌ አስፋልት ነው።

ስለ ዳሽቦርዱ መብራት ብዙ አልልም። ከፋየርስቶን ነገር በኋላ ነው አሜሪካ በሕግ ያስገደደችው፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሁሉም አዲስ ትንንሽ መኪናዎች። ግን የሕጉን ልክ እዩት፤ መብራቱ መብራት ያለበት ጎማው ከሚገባው 25 በመቶ ሲጎድል ነው። 32 መሆን ያለበት ጎማ 24 እስኪደርስ መብራቱ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። በ27 ጭነህ ሐረጎን ስትወርድ ምንም አይልህም። መብራቱ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው፤ የመለኪያ ምትክ አይደለም። ደግሞስ ከተማችን ውስጥ ካለው መኪና ስንቱ ነው መብራቱ ያለው? ሚኒባሱ የለውም፤ ባጃጁ የለውም፤ አይሱዙው የለውም።

ነዳጅንም ጸሐፊው አላነሱትም እንጂ ልጨምረው። የአሜሪካ መንግሥት የኢነርጂ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ግምት፣ የአራቱም ጎማ አማካይ በአንድ ፒኤስአይ ሲጎድል የነዳጅ ቁጠባው 0.2 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ትንሽ ነው። በዚህ ብቻ መለኪያ ግዙ አልልም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ መኪና ግን ስድስት ሰባት ፒኤስአይ ጎድሎ ወራት መሄድ ኪስን ይነካል፤ የጎማውን ዕድሜ ማሳጠሩ ደግሞ ከነዳጁ ይበልጣል። የአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ዛሬ ስንት እንደገባ ለሾፌር አይነገርም።

ጸሐፊው ስለ ሻጮቹ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ይህን ዕቃ ከያዝክ አደጋ አይደርስብህም እያሉ፣ ዋጋውን ሰቅለው የሚሸጡ አሉ። መለኪያ አደጋ አይከለክልም። ያረጀ ጎማ፣ የተሰነጠቀ ጎን፣ የደከመ ፍሬን መለኪያ አይፈውሰውም። በዚህ የተናደዱት ንዴት ትክክል ነው።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ስለ ዓይን፣ ስለ ጎሚስታና ስለ ባትሪ የጻፉት እንዳለ ይቆይ፤ እንከራከርበታለን፤ ማንም አይጎዳበትም። ስለ ቆላ የጻፉትን አንቀጽ ግን እባክዎ ያርሙት፤ ያረሙትንም ጽሑፉን ለደረሳቸው ሰዎች መልሰው ይላኩት። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከነገ ጀምሮ የሚጭኑ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም የእርስዎን ጽሑፍ አንብበዋል።